ሙያ ባንዳ ይሆናልን?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ወደ አዲ አርቃይ ወርጄ ነበር። የእኛን አገር የክረምት ዝናብ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሲጥል ሰውን ሁሉ ከያለበት እየነዳ በረንዳ ላይ ያከማቸዋል። በሰፈራችንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራት አምስት ሽማግሎች አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ መግጠም ነው። የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት፣ ድምፁ የጠፋ የድሮ ሬዲዮ፣ መዘውሩ የላላ የሲንገር መኪና፣ ክሩ አልወጣ ያለ ፋኖስ ይመጣላቸዋል። ዋጋ አይጠይቁም፤ ባለዕቃው የቡና ከቻለ ቻለ፣ ካልቻለም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱን ሰዓትማ ሠርተው ካበቁ በኋላ ሥራ እንዳይፈቱ ብለው መልሰው የሚያበላሹት ይመስለኛል።

እጃቸው ሲሠራ አፋቸው የጦርነት ወሬ ያወጋል። የጣሊያን ጊዜ ወሬ ነው። እነሱ ራሳቸው አልደረሱበትም፤ የሚያወሩት ያባት የናታቸውን ነው። አንድ ደንብ ደግሞ አላቸው፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ወሬ አይጀምርም። ወይ ብሎን እየፈታ፣ ወይ ዘይት እየቀባ፣ ወይ ሽቦ እያቃና ነው የሚያወራው። «ባዶ እጅ ፉከራ ያበዛል» ይላሉ። እኔም መብራት ልያዝላችሁ እያልኩ እየተጠጋሁ ብዙ ሰማሁ።

የልብስ ሰፊው አባት ከራስ እምሩ ጦር ጋር ተከዜን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የጣሊያን ታንኮች ሲሰባበሩና ሲማረኩ እዚያው ነበሩ፤ ታንክ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ታንኩ ላይ ዘሎ እየወጣ በጎራዴ ሲማታ አይተዋል። ቡና የሚያፈሉት እማማ ደግሞ እናታቸው ለአርበኞች ስንቅ ያዘጋጁ እንደነበር ይናገራሉ። ገብሱ ለበሶ ምን ያህል እንደሚቆላ፣ ድርቆሹ ሳይሻግት እንዴት እንደሚከርም፣ ቀን ጭሱ ሌሊት ብርሃኑ ለጠላት እንዳይታይ እሳቱ የት እንደሚነድ አንድ በአንድ ይነግሩሃል። እኔን በበኩሌ ከታንኩ ይልቅ የድርቆሹ ወሬ አስደነቀኝ። ሆዱ ባዶ የሆነ ጀግና ለስንት ቀን ጀግና ሆኖ ይቆያል?

ሦስተኛው ሰው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከሁሉም እጃቸው የሠለጠነ እሳቸው ናቸው፤ እኔንም በልጅነቴ ጎማ መፍታት፣ ካላማዳሪ መለጠፍና መንፋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳሩ ግን ያባታቸውን ወሬ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ልብስ ሰፊው የደምበጉናን ታሪክ ጨርሰው ሲያበቁ ወደ ጋሼ ዞር አሉና፣ «አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ ታዳምጣለህ እንጂ አታወራም። ያንተ አባት በዚያን ጊዜ የት ነበሩ?» አሏቸው።

ጋሼ ቀና አላሉም። «ሊማሊሞ» አሉ፣ የያዙትን ብሎን እያጠበቁ። «ድንጋይ ይጠርቡ ነበር።»

«ለማን?»

«ለጣሊያን ነዋ! መንገዱን ማን ያሠራው ይመስልሃል?»

«አስገድደዋቸው ይሆናላ» አሉ እማማ ነገሩን ሊያበርዱ።

«የለም። በደመወዝ ነው። ‹ማንም አልገረፈኝም፤ ልጆች ርቧቸው ነበር› ብለውኛል።»

በረንዳው ጸጥ አለ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው በለሆሳስ «ባንዳ» አለ። ጋሼ መሣሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩን።

«ይህ ስሙ ማነው? ካቻቢቴ። ስሙን ማን አወጣለት? ጣሊያን። ጎማ የጣሊያን ነው፤ ፍሬን የጣሊያን ነው፤ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ ሁሉም የጣሊያን ነው። አሁን የሰደብከኝ ‹ባንዳ› እንኳ የጣሊያን ቃል ነው። አባቴን ባንዳ ካላችሁ አፋችሁንም ባንዳ በሉት። ጎንደር ስትሄዱም በሊማሊሞ አትውጡ፤ በገደሉ ውጡ።»

ልብስ ሰፊው ዝም አላሉም። «አጎቴ ወልቀፊት ላይ ቀርቷል» አሉ። «ሬሳውን አላገኘነውም። ያባትህ ድንጋይ መንገዱን ባይሸከመው መድፉ እዚያ አይወጣም ነበር።»

የዚያን ቀን ሰዓቱ ሳይገጠም ተበተንን። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። አንዱ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ አገሩን የማታውቅ ከሆነ ጥቂት ልንገርህ። ሊማሊሞ ከደባርቅ ደጋ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ የሚወርደው ገደል ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት ከአሥመራ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ ሲያወጣ ይህን ገደል እየጠረበ፣ በድንጋይ ግንብ እየደገፈ፣ እየጠመዘዘ አወጣው። መንገዱ የተሠራው ጦር ለማመላለስና አገር ለመግዛት ነው፤ ለእኛ ታስቦ አይደለም። ገደሉ አናት ላይ ወልቀፊት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር መንገዱን ዘግቶ ወራት ቆየ፤ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበውት እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ያ መንገድ ግን ቀረ። እህል ጫንበት፤ በሽተኛ ወሰድንበት፤ እኔም ትምህርት ቤት የመጣሁት በእሱ ነው።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከጠላት እጅ የተማርነው ሙያ ንጹሕ ነው ወይስ ርኩስ? በሌላ አነጋገር፣ ሙያ ባንዳ ይሆናልን?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ቀላል ነበር። ሙያ አገርም ወገንም የለውም አልኩ። ድንጋይ ጠራቢው ድንጋዩን ወደ ተራራው ዘንበል አድርጎ ካልደረደረው ግንቡ ይወድቃል፤ ይህ ደንብ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም አንድ ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በስድስተኛው ክፍል፣ የእጅ ሙያንና የምግባር ማስተዋልን ሲለያይ አንድ ጥሩ ነገር ተናግሯል። በእጅ ሙያ ሆን ብሎ የሚሳሳት ሰው ሳያውቅ ከሚሳሳተው ይመረጣል፤ ሙያው አለውና። በምግባር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አውቆ የሚያጠፋው ይብሳል። ስለዚህ ጥሩ ጠራቢ መሆን ጥሩ ሰው መሆንን አይመሰክርም፤ መጥፎ ሰው መሆንንም እንዲሁ። ሰው የሚመዘነው በሙያው ምን ለማድረግ እንደመረጠ ነው።

የሚያምር መልስ ነው። ግን ወደ ተከዜ መለስ ብለን እንየው። የደምበጉና ድል በሆነበት በዚያው ታኅሣሥ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት የተፈረመው በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር፤ ጣሊያንም ፈራሚ ነበረች። ያን መርዝ የቀመመው ኬሚስት ባለሙያ ነበር። አውሮፕላኑን የነዳውም፣ ሞተሩን የጠገነውም ባለሙያ ነበር። እያንዳንዳቸው «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁ» ሊሉ ይችላሉ። ሙያ አገር የለውም ብለን በሩን ከከፈትን እነሱም በዚያው በር ይገባሉ።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደንን የደበደቡበትን ቪ ሁለት የተባለ ሮኬት የሠሩት መሐንዲሶች ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ ሮኬቱን በጀርመን አገር ያመረቱት ግን በባርነት የሚሠሩ እስረኞች ነበሩ፤ እልፍ ሰውም በዚያ ሥራ አልቋል። የመሐንዲሶቹ አለቃ ቬርነር ፎን ብራውን በኋላ የመራው ሥራ በ1969 ሰውን ጨረቃ ላይ ለማድረስ በቃ። ጨረቃን ስናይ እስረኞቹን እናስባለን? ወይስ ሮኬቱን ብቻ?

የኦሪት ዘፀአትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ የግብፃውያንን ወርቅና ብር ይዘው ወጡ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከአረማውያን የተገኘ ዕውቀት እንደዚያ ወርቅ ነው፤ ወስደን ለበጎ እናውለው ብሎ አስተምሯል። እኔም በዚህ ትምህርት ልጽናና ነበር። ነገር ግን መጽሐፉን ወደ ፊት ስናነበው ሕዝቡ ከጆሮው አውልቆ የሰጠው ወርቅ መጀመሪያ የቀለጠው ለጥጃው ነው። ለድንኳኑ የተሰጠው ወርቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወርቁ ስለ ራሱ አልተናገረም፤ የተናገረው ያቀለጠው እጅ ነው። ስለዚህ ሙያ ከፍጥረቱ ንጹሕ ነው ማለትም፣ ከምንጩ ርኩስ ነው ማለትም ሁለቱም ማምለጫ ይመስሉኛል። የመጀመሪያው ጥያቄውን ይዘጋል፤ ሁለተኛው መንገዱን።

ቀጥሎ የደም ነገር አለ። ጋሼን «ባንዳ» ያለው ሰው ስድቡን ከአባት ወደ ልጅ አወረሰው። ይህ ፍርድ እንዳልሆነ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ነግሮናል፤ ልጅ ያባቱን ኃጢአት አይሸከምም። እዚህ ላይ ሁላችንም «አሜን» እንላለን። ግን ወገኖቼ፣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው እንጂ! ውርደት ከአባት የማይወረስ ከሆነ ክብርም አይወረስም። የአርበኛ ልጅ መሆኔ እኔን አርበኛ አያደርገኝም። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሜዳልያ ያጌጡ አባቶችን ፎቶግራፍ አንሥተን «እኛ እንዲህ ነን» የምንለው ምን አድርገን ነው? እኛ እኮ ገና ምንም አልሆንም።

ታዲያ ምን ይወረሳል? ክብርና ውርደት ካልተወረሱ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል፤ ሙያና ወሬ። እነዚህም ቢሆኑ እንደ መሬት ቁጭ ብለው አይወረሱም። ሙያ ካልተማሩት አይወረስም። ወሬም ሳያጎድሉ ካልተናገሩት አይወረስም። እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው አይወረሱ። ሙያ የሌለው ወሬ ፉከራ ይሆናል፤ ወሬው የተሸሸገበት ሙያም የተሰረቀ ዕቃ ይመስላል፤ ባለቤቱ ባደባባይ ሊይዘው ይፈራል። ሙያውን የወረሰ ሰው ሙያው ከማን እጅ፣ በምን ዋጋ፣ ለምን ሥራ እንደመጣ የመናገር ዕዳ አለበት። ዕዳው ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም።

ጋሼ ይህን ዕዳ በዚያች እሑድ ከፈሉ። ተገድደው ነው ብለው ማምለጥ ይችሉ ነበር፤ እማማም በሩን ከፍተውላቸው ነበር። አልገቡበትም። በኋላ ብቻቸውን አግኝቼ ለምን እንደተናገሩ ጠየቅኋቸው። አባታቸው ከነጻነት በኋላ በአውራ ጎዳና ተቀጥረው ክረምት በመጣ ቁጥር ያንኑ ግንብ ሲጠግኑ ኖረዋል። ልጃቸውን ይዘው እየሄዱ ግንቡ ላይ የተተዉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሳዩዋቸው ነበር። ቀዳዳው ውሃ እንዲወጣ ነው። ውሃው መውጫ ካጣ ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀምና አንድ ቀን ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። «እኔም ስድሳ ዓመት አጠራቀምኩት» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ልብስ ሰፊውም ቢሆን ዝም ብለው አልቀሩም። ሁለት እሑድ ጠፍተው በሦስተኛው አንድ የወታደር ኮዳ ይዘው መጡ። አባታቸው ከደምበጉና የማረኩት ነው። ክዳኑ ዝጎ አልከፈት ብሎ ዓመታት ኖሯል። ምንም ሳይናገሩ ጋሼ ፊት አስቀመጡት። ጋሼ ነጭ ጋዝ አንጠበጠቡበት፤ ጠበቁ፤ በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት።

«ጥርሱ የጣሊያን ነው» አሉ ሲከፈት።

«አውቃለሁ። የኔ አባት ግን ተዋግቶ ነው ያመጣው። ያንተ በደመወዝ ነው። ልዩነቱን አትርሳ።»

«አልረሳም። አንተም ኮዳውን ስታሳይ የጠጣበት ወታደር የሰው ልጅ እንደነበር አትርሳ።»

ታረቁ ልላችሁ አልችልም። ቡና ጠጡ። ይሁን እንጂ በሁለቱ ንግግር ውስጥ ትልቅ ነገር ያለ ይመስለኛል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። ተዋግቶ መማረክና ተቀጥሮ መንገድ መሥራት አንድ አይደሉም፤ «ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው» ብለን ብናቀላቅላቸው የወልቀፊትን ሙታን ሁለተኛ እንገድላቸዋለን። ነገር ግን ልዩነቱን ለማወቅ ሁለቱም ወሬዎች በረንዳው ላይ መውጣት አለባቸው። አንዱ ሲፎክር ሌላው ካፈረ የሰማነው ግማሹን ነው።

እስካሁን የሰው ታሪክ ነው ያወራሁት። የሰው ታሪክ ማውራት ቀላል ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ተከዜን ተሻግሮ አዲ አርቃይ ሲገባ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤተሰቤ አልሸሸም። አንድ ቀን ማለዳ የታጠቁ ሰዎች በራችንን አንኳኩ። የመኪናቸው ጎማ ፈንድቷል፤ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ እዚህ አለ ተብለው ነው የመጡት። ክሪኩን አቀበሉኝ። ጎማውን ፈታሁ፤ ካላማዳሪውን አወጣሁ፤ በውሃ ውስጥ አድርጌ ቀዳዳውን ፈለግሁ፤ ፍቄ ለጠፍኩት፤ ነፋሁት። ጋሼ እንዳስተማሩኝ አድርጌ፣ አሳምሬ ሠራሁት። ማንም አልመታኝም። መሣሪያ ይዘዋል፤ ፈርቼ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። ሥራው ሲያምር ደስ ብሎኝ ነበር። አንደኛው ሰውዬ «ጎበዝ» ሲለኝ ፈገግ ብያለሁ።

መኪናው ወደ ሊማሊሞ አቅጣጫ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከወደ ደባርቅ የመድፍ ድምፅ ይሰማን ጀመር። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ፣ ጭና በሚባል ቦታ፣ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸው ተሰማ። ያ ጎማ የት እንደደረሰና ምን እንደጫነ አላውቅም። ቁስለኛ አመላልሶ ሊሆን ይችላል። ጥይት ጭኖም ሊሆን ይችላል። አላውቅም።

ያን ጎማ የለጠፈ ልጅ በዚያ በረንዳ ላይ መብራት ይዞ ተቀምጦ ነበር። ጋሼን «ባንዳ» ሲሏቸው አፌን ከፍቼ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አሁን ሳስበው ፍልስፍናዬን ሁሉ፣ አርስቶትልንም አውግስጢኖስንም የጠራኋቸው ለጋሼ ጥብቅና ሳይሆን ለራሴ ነው። ልጅ ነበርኩ፤ ተገድጄ ነበር፤ ሙያ ወገን የለውም እያልኩ የራሴን ጉዳይ እፈርድ ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ሐሰት አይደሉም። ግን ምክንያት ከወሬው በኋላ ነው የሚመጣው። ወሬውን ሳያወጡ ምክንያቱን መደርደር ቀዳዳ የሌለው ግንብ መካብ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በእኛ ዘመን ጦርነት ያላየ የሰሜን ሰው ጥቂት ነው። አንዳችን ለወታደር እንጀራ ጋግረናል፤ አንዳችን ስልክ ቻርጅ አድርገናል፤ አንዳችን መንገድ አሳይተናል፤ አንዳችን ዝም ብለናል። ከአርባ ከኀምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በአንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለእኛ ያወራሉ። የሚሰሙት ፉከራ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእነሱ አይሆንም። እጃችን የሠራውን የምናውቀው እኛ ነን።

በሚመጣው ክረምት አገሬ ስገባ እዚያ በረንዳ እሄዳለሁ። ደንቡን አውቃለሁ፤ በባዶ እጅ ወሬ አይጀመርም። አንድ ቀዳዳ ካላማዳሪ ይዤ እቀመጥና እየለጠፍኩ እነግራቸዋለሁ።